አሥራ አንድ መርፌ ቁልፍ

ላውንደሪ ቤቱን የያዙት ሁለት ሴቶች ከተነጋገሩ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ኩርፊያ ሲባል ሁለት ቀን ፊት ተነሳስተው በሦስተኛው ቀን በሻይ የሚታረቁትን ዓይነት እንዳይመስላችሁ። እነዚህ የለየላቸው ናቸው። አንዷ ለሌላዋ የምትለው ነገር ሲኖራት መሃላቸው ቆሞ ልብስ ለሚተኩሰው ሽማግሌ ትነግረዋለች፤ ሽማግሌው ካውያውን አስቀምጦ፣ አምስት እርምጃ እንኳ ለማትርቀው ለሌላዋ ያደርሳል። የተባለውን አስቀድማ ሰምታዋለች፤ ቢሆንም እስኪደርሳት ትጠብቃለች። ሽማግሌው ጆሮው ከበድ ስለሚል አንዳንዴ የሚያደርሰው የተባለውን ሳይሆን የመሰለውን ነው። ያም ሆኖ ከእሱ የተሻለ መልእክተኛ አልተገኘም።

ከፊት፣ ባንኮኒው ላይ የምትቀመጠው መዝገብ ትባላለች። እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም፤ ደንበኞች ናቸው ያወጡላት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ልብስ ስትቀበል አንድም ቀን ቁጥር ጽፋ፣ ካርኒ ቆርጣ፣ ወረቀት አያይዛ አታውቅም። ሰው ልብሱን ያስቀምጣል፣ እሷ አንዴ ፊቱን አንዴ ልብሱን ታያለች፣ «ሐሙስ» ትለዋለች፣ አበቃ። ሐሙስ ሲመጣ ገና በሩን ሳያልፍ ልብሱ ባንኮኒው ላይ ተዘርግቶ ይጠብቀዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ብቅ ያለውን ሰው እንኳ «ያ ክንዱ ላይ የተቃጠለው ሸሚዝህስ?» ብላ ታስደነግጠዋለች። ሰው ጉድ ይላል። ልብሱ ሳይቆሽሽ ይህን ለማየት ብቻ የሚመጣም አለ። ቁጥር ስለሚያያይዙ ላውንደሪዎች ከተነሳ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ትልና ትስቃለች። ትዕቢተኛ ናት፣ መደበቅ አያስፈልግም። ግን ትዕቢቷን የሚሸከም ጭንቅላት ነበራት።

ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ማጠቢያና የልብስ ስፌት መኪና የዋርሳዋ ግዛት ነው። ዋርሳዋ የሟች ወንድሟ ሚስት ናት። ወንድምየው በሕይወት ሳለ ሁለቱን በሳቅ እያባበለ ያኖራቸው ነበር፤ ሲሞት የሱቁ ግማሽ ለሚስቱ ቀረ፣ ጠቡም አብሮ ቀረ። በምን እንደተጣሉ ብትጠይቁ አንድ መልስ አታገኙም። መዝገብ «ወንድሜን በቅጡ አላስታመመችውም» ትላለች። ዋርሳዋ «ሬሳው ሳይወጣ ኮቶቹን የሰበሰበችው እሷ ናት» ትላለች። ሁለቱም እውነት ሳይሆን አይቀርም።

አንዷ የሌላዋን ድንበር አትረግጥም። መዝገብ መጋረጃውን ከገለጠች ዓመታት አልፈዋል። ድንበር ያልወጣለት ነገር ቢኖር ከሽማግሌው ራስጌ ያለው መስኮት ነው፤ ጦርነቱም የሚካሄደው እሱ ላይ ነበር።

ጦርነቱን የጀመረው ክኒን ነው። ከሦስት ዓመት በፊት መዝገብ ግራ ጡቷ ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ነገር ዳበሰች። ካንሰር ሆነ። ጡቷንና ብብቷ ሥር ያሉትን እጢዎች ያወጣው ቀዶ ሕክምና፣ ጠጉሯን የጨረሰው መድኃኒት፣ ቆዳዋን ያጠቆረው ጨረር፤ ሁሉንም ጥርሷን ነክሳ አለፈችው። ተገላገልኩ ስትል ዶክተሯ አንዲት ነጭ ክኒን ሰጠቻት። በቀን አንድ፣ ለአሥር ዓመት። መዝገብ ቀልድ መስሏት ነበር፤ አሥር ዓመት ለሰው የሚፈረድበት እንጂ የሚታዘዝለት ነገር አይመስላትም ነበርና። በሽታው እንዳይመለስ በሩን የሚዘጋው ይህ ነው ተባለች፣ ተቀበለች።

መጀመሪያ ሙቀቱ መጣ። ቁጭ ባለችበት ከሆዷ ይነሳና እስከ ጆሮዋ ይነድዳል። ዘላ ትነሳና መስኮቱን ወለል አድርጋ ትከፍታለች። ዋርሳዋ ደግሞ እጇ ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ስለሆነ ብርድ ጠላቷ ነው፤ ብቅ ትልና ትዘጋዋለች። መዝገብ ትከፍታለች። ዋርሳዋ ትዘጋለች።

«ንገራት፣ እየነደድኩ ነው!»

«ንገራት፣ እኔ ደግሞ ልደርቅ ነው!»

ሽማግሌው «ነደድኩ ትላለች» ይላል፣ «ደረቅኩ ትላለች» ይላል፣ እሱም ለራሱ ሻርፑን ይጠመጥማል።

መርሳቱ የመጣው ከሙቀቱ ኋላ ነው፣ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ። አንድ ቀን ሽማግሌውን «ያንን አቀብለኝ... ያንን፣ ልብስ የሚንጠለጠልበትን» አለችው። መስቀያ የሚለው ቃል፣ ሃያ ስድስት ዓመት እጇ ላይ የኖረ ዕቃ ስም፣ ምላሷ ጫፍ ደርሶ አልወጣ አለ። ቀጥሎ ሰው ሲያወራት መሃል ላይ ይቋረጥባት ጀመር፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ታያለች፣ ምን እያለ እንደሆነ ግን የለም። ልብስ እየተቀበለች ስልክ ከተደወለ ወይ ልብሱ ይጠፋባታል ወይ ስልኩ። በመጨረሻ ፊቶቹ ላይ ደረሰ። ሰውየውን ታውቀዋለች፣ ሥራውን ታውቃለች፣ ሚስቱን ታውቃለች፤ ልብሱ ግን የቱ እንደሆነ የለም። ያን ጊዜ «ትንሽ አረፍ በል፣ እየተተኮሰልህ ነው» ትልና ከኋላዋ ካለው ብረት ላይ የተሰቀለውን ሁሉ በእጇ ታስሳለች። ላቡ በጀርባዋ ይወርዳል።

ፈርታ ነበር። የፈራችው ሞትን አልነበረም፤ ከሞት ጋር ተያይተዋል። የፈራችው ከባንኮኒው መነሳትን ነው። ከዚያ ከተነሳች ማንም መዝገብ አይላትም። አንድ ጡት የቀራት፣ ቃል የሚጠፋባት ሴት ትሆናለች፤ ዋርሳዋም በመጋረጃው ቀዳዳ እያየች ትስቃለች።

ለዶክተሯ ብቻ ተናገረች፣ እሱንም በቁጣ።

«እማማ፣ ብዙ ታካሚዎች እንዲህ ይሉናል» አለች ዶክተሯ፣ የልጅ ፊት ያላት ሴት። «ከክኒኑ ሊሆን ይችላል። ከበፊቱ መድኃኒትም ሊሆን ይችላል፣ ከእንቅልፍ ማጣትም፣ ከሐሳብም። ይሄ ነው ብሎ መለየት ከባድ ነው።»

«እማማ አትበይኝ። ገና ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው።»

«እሺ እትዬ። ነገሮችን ወረቀት ላይ ይጻፉ። አንዱን ሥራ ሳይጨርሱ ሌላ አይያዙ። በእግርዎ ይንቀሳቀሱ። ክኒኑን ግን ሳይነግሩኝ እንዳያቆሙ። ካስመረረዎት ይምጡ፣ ሌላ ዓይነትም አለ፣ እንመካከራለን።»

ከዚህ ሁሉ መዝገብ ይዛ የወጣችው «ወረቀት ላይ ይጻፉ» የሚለውን ብቻ ነው። እሱንም እንደ ስድብ ነው የያዘችው።

ብዙም ሳይቆይ የኮቱ ጉድ መጣ። ጡረታ የሚወጣ አንድ ርዕሰ መምህር ነበር፣ ነፋስ የሚወስደው የሚመስል ቀጭን ሰው። አንድ ጠበቃ ደግሞ ነበር፣ በር በጎን የሚገባ። የሁለቱም ኮት አመድማ ነው። መምህሩ ዓርብ ዕለት በላስቲክ የተጠቀለለውን ኮት ተቀብሎ ሳይገልጠው ሄደ፤ መዝገብ የሰጠችውን ማን ይገልጣል? ቅዳሜ፣ መኪናው በር ላይ ጡሩንባ እየነፋ፣ ለበሰው። ከዚያ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ተሰብስቦ፣ ሁለት መምህር በሚይዝ ኮት ውስጥ ቆሞ፣ እጅጌው ጣቶቹን ውጦት፣ የስንብት ንግግር አደረገ። ልጆቹ ሳቁ። አርባ ዓመት ያስተማረ ሰው በሳቅ ተሸኘ።

ሰኞ ጠዋት ኮቱን ባንኮኒው ላይ ጣለው።

«የማን ነው ይሄ?»

መዝገብ ኮቱን አየች፣ እሱን አየች። ገባት። «ይቅርታ ጋሼ» ማለት ይቻል ነበር።

«የርስዎ ነዋ ጋሼ» አለች። «ከስተው ነው።»

«ከስቼ?»

«በጣም እንጂ። ጡረታ ያከሳል።»

ውሸቱ ገና ከአፏ ሳይደርቅ በሩ ተከፈተና ጠበቃው ገባ፣ በአንድ ጣቱ ያንጠለጠላትን ጠባብ ኮት እያወዛወዘ። «መዝገብ! ይቺን ለልጄ ነው የሰጠሽኝ?»

መምህሩ ዞር ብሎ ኮቱን አየ። ከዚያ ወደ መዝገብ ዞረ። አልተሳደበም፤ ቢሰድባት ይሻላት ነበር። «የረሳ ሰው አይወቀስም» አለ ቀስ ብሎ። «የዋሸኝ ግን አንገበገበኝ።» የራሱን ኮት ይዞ ወጣ።

መጋረጃው ተገለጠ። ዋርሳዋ ጠበቃውን ጎንበስ ቀና ብላ ይቅርታ ጠይቃ ከሸኘች በኋላ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«ንገራት። ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱ ልብስ ላይ ቁጥር ይገባል። ባንኮኒው ላይ እኔ እቀመጣለሁ፤ እሷ ከኋላ ቁልፍ ትትከል።»

«ንገራት፣ ሬሳዬን ተራምዳ ነው!»

«ሬሳ ትላለች» አለ ሽማግሌው እየተጨነቀ።

ዋርሳዋ ጥቂት አሰበች። ክፉ ሰው ሲያስብ ፊቱ ያምርበታል፤ እሷም ያን ጊዜ አማረባት። «እንግዲያው አንድ ወር ስጣት። ሠላሳ ቀን አንድም ልብስ ካልተሳሳተባት፣ ቁጥር የሚባለውን ነገር ሁለተኛ አላነሳም። አንድ ከተሳሳተች ግን በገዛ እግሯ ከዚያ ወንበር ትነሳለች።»

«ንገራት፣ እሺ!» አለች መዝገብ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

በዚያው ቀን ወሰነች። ክኒኑን ሁልጊዜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እዚያው ባንኮኒው ላይ ነው የምትውጠው፤ ሽማግሌው ውሃ ይዞላት ይመጣል፣ ዋርሳዋም በመጋረጃው በኩል ታያለች። ስለዚህ ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ክኒኗን ወደ አፏ አስጠጋች፣ ውሃውን ጠጣች፣ ጭብጧን ወደ ባንኮኒው ሥር አወረደች። እዚያ የሸሚዝ ቁልፍ የሚጠራቀምበት ጣሳ አለ፤ ከአሮጌ ሸሚዝ የተቆረጠ ነጫጭ ቁልፍ ሞልቶታል። ክኒኗ ጠብ ስትል ድምፅ እንኳ አልሰጠችም። ረቡዕም እንዲሁ አደረገች፣ ሐሙስም። እሑድ ሱቁ ስለሚዘጋ ቤቷ መታጠቢያው ውስጥ ትለቀዋለች። የዶክተሯ ቃል ትዝ ሳይላት ቀርቶ አይደለም። ደንዝዛ አሥር ዓመት ከምትኖር አንድ ወር መዝገብ ሆና መዋል በልጦባት ነው።

ወሩም ያለ ስህተት ሄደ። ማታ ሱቁ ሲዘጋ መዝገብ ለነገ የሚወሰደውን ልብስ ለይታ፣ ጠቅልላ፣ በየባለቤቱ ተራ ከኋላዋ ብረቱ ላይ ሰቅላ ትሄዳለች። በነጋታው ሰው ሲመጣ እጇን ትዘረጋለች፣ ልብሱ እዚያው ነው። የሰፈሩ ሐኪም ሱሪውን ወሰደ፣ ዳቦ ጋጋሪው የራሱን። ጠበቃው ልብሱን በሩ ላይ ገልጦ፣ ለክቶ፣ ራሱን እየነቀነቀ ወጣ። መዝገብ እንደ ድሮዋ ሆነች። ቀልዱ ተመለሰ፣ ድምፁ ከፍ አለ። በሁለተኛው ሳምንት ሙቀቱ በረደ፤ መስኮቱ ተዘግቶ መዋል ጀመረ። አልፎ አልፎ ግራ ጫፍ ሰቀልኩት ያለችው ልብስ ቀኝ ጫፍ ይገኛል። እሱንም «እጄ ከኔ ይበልጥ ያውቃል» ብላ አለፈችው።

«ንገራት፣ አሥራ ስምንት!» ትላለች ጠዋት ስትገባ። «ንገራት፣ አሥራ ዘጠኝ!»

ከመጋረጃው ወዲያ መልስ የለም። መዝገብ ዝምታውን ሽንፈት አደረገችው። ዋርሳዋን ሃያ ዓመት ያወቀች ሴት እንዲህ ትሳሳታለች አይባልም ነበር።

የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ፣ በሃያ ስድስተኛው ቀን፣ መዝገብ ክኒኗን እንደ ልማዷ ጣሳው ውስጥ ጣለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጣሳውን አነሳችና ለሽማግሌው ሰጠችው። «ውሰድላት፣ ዛሬ ቁልፍ ትተክላለች» አለችው። በየወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ዋርሳዋ ቁልፍ የጎደላቸውን ሸሚዞች ትሠራለች፤ ጣሳው ይሄዳል፣ ሰኞ ይመለሳል። ሃያ ዓመት እንዲህ ነው። እጇ ይህን አልረሳም ነበር። የረሳችው ጣሳው ውስጥ ያለውን ነው።

ሩብ ሰዓት አልሞላም። መጋረጃው ተገለጠና ዋርሳዋ ጣሳውን በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። «አንተ፣ ሂድና ሻይ ጠጥተህ ና» አለችው ሽማግሌውን። የበሩን ጽሑፍ «ዝግ ነው» ወደሚለው ገለበጠችው። ከዚያ ጣሳውን ባንኮኒው ላይ ዘረገፈችና በሌባ ጣቷ ነጩን ከነጭ ትለይ ጀመር፤ አንዱን ወደ ቀኝ፣ አንዱን ወደ ግራ።

«እነዚህ ቁልፎች» አለች፣ «ቀዳዳ የላቸውም።»

መዝገብ ዘወር ብላ አየች። ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። «ለኔ ነው የምትናገሪው?»

«ለግድግዳው ነው እንዴ? ሃያ ሦስት ናቸው። እሑዶቹን የት እንደደፋሻቸው አንቺ ታውቂያለሽ።»

«አያገባሽም።»

«መስኮቱ ሳይከፈት ስንት ቀን ሆነው! ተሻላት ብዬ እኮ ነው። ሞኟ እኔ!»

«ተሽሎኛል!» መዝገብ ባንኮኒውን መታችው፣ ክኒኖቹ ዘለሉ። «ጭንቅላቴ ተመልሷል። ሃያ ስድስት ቀን አንድም አልተሳሳትኩም። የሚያንገበግብሽ እሱ ነው፤ ክኒኑን ሰበብ አታድርጊው!»

ዋርሳዋ ሄዳ የመጋረጃውን ጫፍ ያዘችና ውስጡን ወደ ውጭ ገለበጠችው። በውስጥ በኩል፣ በአንድ ሰው ቁመት፣ መርፌ ቁልፍ በተርታ ተሰክቷል። እያንዳንዱ ቀለም ያለው ቁራጭ ክር ይዟል።

«ቁጠሪያቸው» አለች። «እኔ ቆጥሬያቸዋለሁ፣ አሥራ አንድ ናቸው። ይቺ የሐኪሙ ሱሪ ናት፤ ለዳቦ ጋጋሪው ጠቅልለሽለት ነበር። ይቺ የሙሽራዋ እናት ቀሚስ፤ ለማን እንደሰቀልሽው ብነግርሽ ታፍሪያለሽ። ይቺ ደግሞ» ጣቷን ቀዩ ክር ላይ አቆመች፣ «የጠበቃው ኮት። አዎ፣ ያው ኮት። ሲመልሰው ደግመሽ ለሌላ ሰው ጠቀለልሽው።»

«ውሸታም!»

«ኮሌታውን ገልጠሽ እዪዋ።»

መዝገብ ወደ ብረቱ ዞረች። የመጀመሪያውን ልብስ ኮሌታ ገለጠች፤ ከሥሩ የሩዝ ፍሬ የምታህል ሰማያዊ ስፌት አለች። ሁለተኛውን ገለጠች፤ አረንጓዴ ነው። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። ሁሉም ላይ አለ። መዝገብ ከዚህች ሴት እጅ የማትጠብቀው፣ ጥንቅቅ ያለ ስፌት ነው። ሰው ልብሱን ሲያመጣ ዋርሳዋ በመጋረጃው ቀዳዳ ፊቱን እያየች ክሩን ትሰፋ ኖሯል። ጠዋት ጠዋት ማሽኑን ልትሞላ ቀድማ ስትገባ፣ መዝገብ ማታ የሰቀለችውን እያገላበጠች ትክክለኛ ቦታው ትመልሰው ኖሯል። መዝገብ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ እያለች የጮኸችው በሰው ሥራ ነው። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«ለምን?» አለች። «አንዷን ብቻ ብትተያት እኮ አሸንፈሽ ነበር።»

«ደንበኛ ፊት ሁለተኛ ስማችን አይጠፋም። በሠላሳኛው ቀን መጋረጃውን ገልብጬ ላሳይሽ ነበር፣ አንቺን ብቻ። ቀኑን እየናፈቅኩ ነው የማድረው። እንዴት ደስ ብሎኝ እንደነበር አታውቂም!»

«ይኸው አሳየሽኝ። አሸነፍሽ።»

«አላሸነፍኩም!» ዋርሳዋ ጮኸች። ከልቧ የተናደደችው አሁን ነው። «እኔ የተወራረድኩት ክኒኗን ከምትውጥ ሴት ጋር ነው። ራሷን እየገደለች ካለች ሴት ጋር መወራረዴን ማን ነገረኝ? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል እንዲህ ነው!»

ቃሉ ከአፏ ወጥቶ አየር ላይ ቆመ። የሁለቱም ዓይን እኩል ወደ መዝገብ ግራ ብብት ሄደ፣ ቢላ ወዳለፈበት። ዋርሳዋ ፊቷ ተለዋወጠ፣ ይቅርታ ግን አላለችም። ለደንበኛ ካልሆነ እሷና ይቅርታ አይተዋወቁም።

«ባሌን ቀብሬያለሁ» አለች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አስታማሚ አይደለችም ስትይኝ ስድስት ዓመት ሰምቻለሁ። አሁን ደግሞ እህቱን በውርርድ ገደለች ልታስብዪኝ ነው? ልቅሶ ላይ ተቀምጬ የሰው ፊት የማየው በየትኛው ዓይኔ ነው?»

መዝገብ አለቀሰች። የሐዘን ልቅሶ አልነበረም፤ እልህ ነው። ጠላቷ ፊት ማልቀሷ ራሱ ሌላ አስለቀሳት። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። «ክኒኑ ነው ብዬ ነበር። ክኒኑን ብተወው ይመለሳል ብዬ። አልተመለሰም። አላስታውስም፣ ትሰሚኛለሽ? ምንም አላስታውስም።»

ዋርሳዋ እስክትጨርስ ቆመች። አላባበለቻትም፣ እጇንም አልዘረጋችላትም። ክኒኖቹን አፍሳ ወረቀት ውስጥ ጠቀለለቻቸው።

«ሰኞ ሐኪምሽ ዘንድ ትሄጃለሽ። ማቆምሽን ራስሽ ትነግሪያታለሽ። ባንኮኒው ላይ ትቀመጫለሽ፤ ያንቺን ትዕቢት ለማየት የሚመጣ ሰው ሞልቷል፣ እሱን አልበትንም። ቁጥር አላስገባም። ክሩን እኔ እሰፋለሁ። አንድ ነገር ግን አለ።» ጎንበስ አለችና ዓይኗን አየቻት። «ልብስ ሲጠፋብሽ ረሳሁ ትያለሽ። ሰው እየሰማ። ለሽማግሌው አይደለም፣ ለኔ።»

«ሞቼ ነው!»

«እሱንማ ጀምረሽው ነበር።»

ሰኞ መዝገብ ሄደች። ዶክተሯ ሰማቻት፣ ቆጣ አለች፣ ከዚያ ቁጣውን ዋጠችው። አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ ስለ ጭንቅላት ምንም ማወቅ እንደማይቻል ነገረቻት፤ በሁለት ወር ተመልሳ እንድትመጣና ያኔም ካልተሻላት ሌላ ዓይነት እንደሚሞክሩ ተስማሙ። መዝገብ ክኒኗን ጀመረች። ሙቀቱ የተቀጠረ ይመስል ተመልሶ መጣ። ሁለቱ ሴቶችም ወደ ዝምታቸው ተመለሱ፣ ሽማግሌውም ወደ ማመላለሱ። መዝገብ «ረሳሁ» አላለችም። ልብስ ሲጠፋባት ኮሌታ እየገለጠች ክሩን ትፈልጋለች፤ የትኛው ቀለም የማን እንደሆነ ግን የምታውቀው ያቺኛዋ ናት። በዓይኗ ትለምናለች፣ ያቺኛዋ ጣራ ጣራ ታያለች።

አንድ ሐሙስ፣ አራት ሰው ተሰልፎ ሳለ፣ በሩ ተከፈተና ርዕሰ መምህሩ ገባ። ሌላ ላውንደሪ ሞክሮ አልሆነለትም መሰለኝ፤ በሳምንቱ መጀመሪያ አንድ ልብስ ይዞ መጥቶ ነበር፣ አሁን ሊወስደው ነው። ተራው ሲደርስ ባንኮኒው ፊት ቆሞ አያት።

መዝገብ ፊቱን አየችው። ፊቱንማ እንዴት ትረሳዋለች! ያ ጠዋት፣ ያ ውሸት፣ ሁሉም አለ። ልብሱ ግን የለም። ኮት ይሁን ሱሪ፣ ጥቁር ይሁን ነጭ፣ ባዶ ነው። ሙቀቱ ከሆዷ ተነሳ፣ አንገቷን አለፈ። ሰዎቹ ይጠብቃሉ። ሽማግሌው ካውያውን አንስቶ አየር ላይ ይዞታል። «እየተተኮሰ ነው ጋሼ» የምትለው የቆየች ውሸት ምላሷ ላይ መጥታ ተቀመጠች። መምህሩ አሁንም ያያታል።

«ረሳሁ» አለች።

ከመጋረጃው ወዲያ ማሽኑ ቆመ። «ምን አልሽ? አልሰማሁም።»

ሰምታለች። ሽማግሌው እንኳ ሰምቷል።

«ረሳሁ! ረሳሁ አልኩሽ!»

ዋርሳዋ ወጣች። አልቸኮለችም፤ እጇን በሽርጧ እያደረቀች፣ እያንዳንዱን እርምጃ እያጣጣመች ነው የመጣችው። ሁለት ኮሌታ ገለጠች፣ ሦስተኛው ሥር ቢጫ ክር አገኘች፣ ቡናማውን ኮት አውርዳ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። መምህሩ ለበሰው። እጅጌው የእጁ አንጓ ላይ አረፈ። ወደ መዝገብ ራሱን ዝቅ አደረገና ወጣ።

ዋርሳዋ ልትመለስ ስትል የመዝገብ ግንባር ላይ ችፍ ያለውን ላብ አየች። ጥርሷን ነከሰች። ከሽማግሌው ራስጌ ሄዳ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው፤ ብርዱ ሲገባ የሹራቧን ቁልፎች እስከ አንገቷ ቆለፈች።

«ንገራት» አለች ለሽማግሌው፣ «ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው።»

መዝገብ ፊቷን ወደ ነፋሱ አዞረች።

«ንገራት» አለች፣ «አሥር ይበቃኛል።»